በለታይ ስም የተመዘገበው መስመር

ሥራዬን የተረከበችኝ አዲሷ የክፍል ኃላፊ ቁልፎቹን፣ የይለፍ ቃሎች ያሉበትን የታሸገ ፖስታና የአሮጌዎቹን ዲስኮች ዝርዝር አንድ በአንድ ካየች በኋላ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና፣ «አቶ ታደሰ፣ ሳይነግሩኝ የሚሄዱት ነገር ይኖር ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ።

«የለም» አልኳት።

ፈርመን ተጨባበጥን። ባልደረቦቼ ኬክ አስቆርሰው ጋቢ አለበሱኝ። ጋቢውን እንደለበስኩ መሥሪያ ቤታችን ካለበት ከመቐለው ሓወልቲ ሰፈር ወደ እንዳ ኢየሱስ፣ ወደ ቤቴ፣ በእግሬ ወጣሁ። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «እንኳን በሰላም ጨረስክ» ይለኛል። እኔ ግን በመጨረሻዋ የሥራ ሰዓቴ ዋሽቼ የወጣሁ ሰው ነበርኩ። ሦስት ቀን ቤት ተቀመጥኩ። በአራተኛው ቀን ወደ ቢሮ ተመለስኩ። ለምን እንደተመለስኩ ለማስረዳት ግን ከመጀመሪያው መነሣት አለብኝ።

ወደ መቐለ የመጣሁት ከደብረ ብርሃን በሒሳብ መምህርነት ተመድቤ ነው። ሁለት ዓመት ሠርቼ ለመመለስ ነበር ሐሳቤ። የተከራየሁበትን ግቢ ባለቤት ልጅ አገባሁ፣ ትግርኛውን መጀመሪያ ከእሷ፣ ኋላም ከልጆቼ ተማርኩ፣ መመለሱም በዚያው ቀረ። ለትምህርት ቤታችን ኮምፒዩተር ሲመጣ የሚደፍረው ሰው ጠፍቶ ለእኔ ተሰጠኝ። እየነካካሁ ፕሮግራም መጻፍ ለመድኩ። በዚሁ ሰበብ ለጤና ጣቢያዎች ፕሮግራም ወደሚያዘጋጅ መሥሪያ ቤት ተዛወርኩ። ስሙን አልጠራውም፤ ከዚህ በታች የምናገረው ጥፋት የእኔ ነው።

እዚያ ሥራውን ያስተማሩኝ አያ ኪሮስ ናቸው። ከኮምፒዩተር በፊት ረጅም ዘመን መዝገብ ቤት ሠርተዋል። የአንድ ማኅደር ስም ሲቀየር የድሮውን ስም አይፍቁትም፤ በላዩ አንድ ቀጭን መስመር ያሰምሩና አዲሱን ከጎኑ ይጽፋሉ፣ የድሮው እንዲነበብ። ፕሮግራም መጻፍ የጀመሩት ከሸበቱ በኋላ ቢሆንም ይህንን ልማድ ይዘውት መጥተዋል።

ሥራችንን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ላስረዳ። ፕሮግራም ማለት ብዙ ሺህ መስመር ያለው፣ ብዙ ሰው የሚጽፈውና የሚያርመው ጽሑፍ ነው። የትኛውን መስመር ማን፣ መቼና ለምን እንደጻፈው የሚይዝ ሥርዓት አለ፤ እኛ «መዝገቡ» እንለዋለን። ይህ መዝገብ በቀላሉ የሚሳሳትባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው ፋይል ስሙ ሲቀየር ወይም ቦታው ሲዛወር ነው። መዝገቡ የድሮውና የአሁኑ አንድ መሆናቸውን ካላወቀ፣ የድሮው ጠፍቶ አዲስ እንደተጻፈ ይቆጥረዋል፤ ያዛወረውን ሰው ደግሞ ጸሐፊው ያደርገዋል። ሁለተኛው መርጅ የምንለው ነው። ሁለት ሰዎች በየራሳቸው ቅርንጫፍ፣ ማለትም ለየብቻ በያዙት ቅጂ፣ የሠሩት ሥራ አንድ ላይ ሲዋሐድ፣ ምኑ ከማን እንደመጣ ካልተያዘ፣ ሁሉም በአዋሐደው ሰው ስም ይቀራል።

«ስሙን ስትቀይር ስሙን ብቻ ቀይር» ይሉኝ ነበር አያ ኪሮስ። «ውስጡን አንዲት ነጥብ እንዳትነካ። መጀመሪያ መዝግበው። ከዚያ በኋላ ነው ውስጡን የምታርመው።»

«ሁለቱን ባንድ ጊዜ ብሠራውስ?»

«መዝገቡ ያው ፋይል መሆኑን መለየት ያቅተዋል። ከአሥር ዓመት በኋላ የሚመጣው ሰውም እንዲሁ።»

መርጅ በሚደረግበት ቀን ወንበራቸውን እየጎተቱ አጠገባችን ይመጣሉ። ማስታወሻው ላይ «ማስተካከያ» ብቻ ብሎ የሚጽፍ ሰው ሲያገኙ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ «ኣንታ፣ ምኑን ነው ያስተካከልከው? ይሄን እኮ ሰው ነው የሚያነበው» ይላሉ። አንዴ አንድ ማስታወሻ አራት ጊዜ አስጽፈውኛል። በልቤ እየሰደብኳቸው ጻፍኩት።

ለታይ የመጣችው እኔ አምስት ስድስት ዓመት ከሠራሁ በኋላ ነው። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣች ተቀጥራ በዓመቱ ሁላችንንም በለጠችን። ስህተት ስታገኝ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ፣ «እንዲያ ነው እንዴ?» ብላ ትስቃለች። እኔን «አያ ታደሰ» እያለች በእርስዎ ነበር የምታናግረኝ። የፋይሎቻችን ስም ከጥቂት ሰው በቀር የማይገባው ምሕጻረ ቃል ነበር፤ ለታይ ለእያንዳንዱ ትርጉም ያለው ስም ሰጥታ በየክፍሉ ወደ አዲስ ማኅደር አዛወረቻቸው። ልክ እንደተማረችው፣ ውስጣቸውን ሳትነካ። አያ ኪሮስ ሥራዋን ሲያዩ፣ «ይህቺ ልጅ ብትኖርልኝ ነገ ጡረታ ብወጣ አይቆጨኝም» አሉ።

እንዳሉትም ብዙ አልቆዩም። ሊወጡ ሲቃረቡ መሥሪያ ቤቱ ከአሮጌው የመዝገብ ሥርዓት ወደ አዲሱ፣ ጊት ወደሚባለው፣ እንዲሻገር ተወሰነ። ሥራው ለእኔ ተሰጠ። አያ ኪሮስ በእጃቸው የጻፉትን ወረቀት ሰጡኝ፤ እንዲህ ይላል፦ የሠራተኞቹን አጭር ስም ሁሉ ከሙሉ ስማቸው ጋር አዛምድ። ዝውውሮቹን እስከ ድሮው ቦታቸው ተከተል። መርጅ ሁሉ ከየት ከየት እንደመጣ ይያዝ። ሲያልቅ አሥር ፋይል በዕጣ አውጣና እያንዳንዱን እስከ መጀመሪያው ቀን ወደ ኋላ ተከተለው፤ አንዱ እንኳ መንገድ ላይ ከጠፋብህ እንደገና ጀምር።

ሞክሬ ነበር። ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ሠርቶ አንድ መርጅ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ያንን ሳስተካክል ሌላው ላይ ይቆማል። አንድ ሳምንት እንዲህ አለፈ። ኃላፊያችን ግን ሰኞ ለሚመጡ ጎብኚዎች አዲሱን ሥርዓት ሊያሳይ ቃል ገብቷል፤ በየሰዓቱ ብቅ እያለ «ደረሰ?» ይለኛል። ዓርብ ከምሳ በኋላ አቋራጩን ያዝኩ። ለታይ ከሠራቻቸው አዲስ ማኅደሮች ጀምሮ ያለውን ብቻ ወሰድኩ፣ ከዚያ በፊት የነበረውን ተውኩት፣ መርጆቹንም ጨፍልቄ በአንድ ረድፍ ደረደርኳቸው። ሁለት ሰዓት አልፈጀም። ሲታይ ያምራል፤ አንድም ቅርንጫፍ የሌለው ቀጥ ያለ መስመር። ኃላፊያችን ትከሻዬን መታ አድርጎ «ንጹሕ ሥራ ነው» አለኝ። እኔም ደስ አለኝ። የአሮጌውን መዝገብ ቅጂ በአንድ ዲስክ አድርጌ መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩ። አሥሩን ፋይል አላወጣሁም።

በሳምንቱ አያ ኪሮስ ልጃቸው ዘንድ ከገቡበት ከአዲግራት ደወሉልኝ።

«ታሪኩ ሙሉ ተሻገረ?»

«ሙሉ ነው አያ ኪሮስ።»

«አሥሩን ፋይል አየሃቸው?»

«አየኋቸው።»

«ጎበዝ፣ ሓወይ፣ ወንድሜ» አሉኝ። እሳቸውን ስዋሽ የመጀመሪያዬ ነበር።

ዓመት ከመንፈቅ ያህል ምንም አልተፈጠረም። ከዚያ ከመቐለ ወጣ ብላ ባለችው ቁሓ ካለ ጤና ጣቢያ ስልክ ተደወለ። የእኛ ፕሮግራም የሕፃናትን ክብደት ተቀብሎ የመድኃኒት መጠን አስልቶ መለያ ወረቀት ያትማል። አንዲት የሁለት ዓመት ልጅ የሚጥል በሽታ ሽሮፕ ታዝዞላት፣ መለያው ላይ የወጣው መጠን የትልቅ ልጅ ሆነ። የዘወትሯ ፋርማሲስት በዚያ ቀን አልነበረችም፤ ተተኪዋ ማሽኑን አመነች። እናትየው እንደታዘዘችው ሰጠቻት። ልጅቷ ተኛች፤ ቢቀሰቅሷት አልነቃ አለች። እናቷ አቅፋት እየሮጠች ሆስፒታል አደረሰቻት። ቀናት ተኝታ ተረፈች።

ስህተቱ በዚያው ቀን ተገኘ። ክብደት የሚሞላበት ቦታ ባዶ ከሆነ ፕሮግራሙ ቀደም ሲል የተሞላውን ክብደት እንዲወስድ የምታደርግ አንዲት መስመር ነበረች። ሐሳቡ የዚያችኑ ልጅ የባለፈ ክብደት እንዲወስድ ነበር፤ የምትወስደው ግን መጨረሻ የገባውን የማንኛውንም ልጅ ክብደት ነው። ከሕፃኗ በፊት የተስተናገደው የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበር።

ኃላፊያችን ሁላችንንም ስብሰባ ክፍል ጠርቶ፣ መስመሯን የጻፈው ማን እንደሆነ ከመዝገቡ አትሜ እንዳመጣ አዘዘኝ። አተምኩ። ወረቀቱ ላይ ያለው የለታይ ስም ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም በዚያች ሰዓት የእሷ ነው ብዬ አምኛለሁ። ወረቀቱን ሰጠኋት። ደጋግማ አነበበችው።

«መጻፌን አላስታውስም» አለች። ቀጥላ፣ «ስሜ ግን ነው። ስሜ ከሆነ እኔ ነኝ» አለች።



በማግስቱ ጠዋት አንድ ነገር አላስቀምጥ አለኝ። ከመስመሯ በላይ ያለችው ማብራሪያ የለታይ አጻጻፍ አይደለችም። ዲስኩን ከመሳቢያዬ አውጥቼ ከፈትኩት። ለታይ ፋይሉን ካዛወረችበት ቀን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ስሄድ መስመሯ በድሮው የፋይል ስም ውስጥ እንዳለች አገኘኋት። እዚያ ደግሞ በአያ ኪሮስ ስም ናት፤ በመርጅ ያስገቧት እሳቸው ናቸውና። መርጁን ተከትዬ ወደመጣችበት ቅርንጫፍ ስገባ የራሴን ስም አየሁ። የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንዳንድ ነርሶች ሚዛን ሲበላሽባቸው ፕሮግራሙ አላሳልፍ እንደሚላቸው ነግረውኝ፣ ከምሳ በፊት ቶሎ ብዬ የጻፍኳት መስመር ናት።

ከሁሉ የከፋው የአያ ኪሮስ ማስታወሻ ነው። «ከታደሰ ቅርንጫፍ የመጣ። ክብደት ባዶ ሲሆን የሚወስደው የማንን እንደሆነ እንደገና እንዲያይ ለታደሰ ነግሬዋለሁ» ይላል። ነግረውኝ ነበር። አላየሁትም።

ተነሥቼ ወደ ኃላፊያችን ቢሮ ሄድኩ። በሩ ክፍት ነው፤ ስልክ ላይ ነበር። የስልኩን መናገሪያ በእጁ ሸፍኖ፣ «ምን ነበር ታደሰ?» አለኝ።

«ምንም። በኋላ እመለሳለሁ» አልኩት።

አልተመለስኩም። የክፍል ኃላፊነት ሹመቴ በዚያው ወር ሊጸድቅ ነበር። ትልቋ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነበር። ለራሴ፣ ስህተቱ ታርሟል፣ ልጅቷ ድናለች፣ ለታይም ማስጠንቀቂያ ተጽፎላት ታልፋለች እል ነበር። ለታይ ግን አላለፈችም። ከዚያ በኋላ አንድ ገጽ ለመጻፍ ሦስት ቀን ይፈጅባት ጀመር። የጻፈችውን ትሰርዛለች፣ እንደገና ትጽፋለች፣ ለሦስት ሰው ታሳያለች። አንድ ቀን የዝውውር ማመልከቻ ይዛ ቢሮዬ ገባች። በዚያን ጊዜ ኃላፊዋ እኔ ነኝ።

«አያ ታደሰ፣ መዝገብ ቤት ያዛውሩኝ። ደብዳቤ ልቀበል። ይሄን መሥራት አልችልም።»

ለመናገር ከዚያ የተሻለ ቀን አልነበረም። እኔ ግን «በራሷ ጥያቄ» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። አመሰገነችኝ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። የቢሮው ኮምፒዩተሮች አብዛኛዎቹ ጠፉ። አዲሱ መዝገብ በየሠራተኛው ላፕቶፕ ቅጂ ስለነበረው ተረፈ። ዲስኩን ቤቴ ወስጄ ከልብስ በታች አስቀምጬው ነበር። እሱም በጠፋልኝ ብዬ የተመኘሁባቸው ቀናት ነበሩ። ይህንን ስጽፍ እጄ ያፍራል። ስልክ ሲከፈት ወደ አዲግራት ደወልኩ፤ ልጃቸው አነሣችና አያ ኪሮስ ማረፋቸውን ነገረችኝ። «ስለ እርስዎ ያነሡ ነበር፤ ሥራውን በአግባቡ የተረከበኝ ታደሰ ነው ይሉ ነበር» አለችኝ።

እንግዲህ ጡረታ በወጣሁ በአራተኛው ቀን ዲስኩን ይዤ አዲሷ ኃላፊ ፊት ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

«ለታይ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«እንግዲያው መጀመሪያ መምጣት የነበረብዎ እኔ ጋ አይደለም» አለችኝ።

ለታይ ምድር ቤት ባለው የገቢ ደብዳቤ መስኮት ነበረች። ጠራኋት። ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ዲስኩን የሰካሁበትን ላፕቶፕ ጭኗ ላይ አደረግኩላት። እንዴት እንደሚነበብ ልነግራት ስጀምር እጇን አንሥታ አስቆመችኝ። አልረሳችውም። ከራሷ ስም ወደ ዝውውሩ፣ ከዝውውሩ ወደ መርጁ፣ ከመርጁ ወደ እኔ ስም ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሄደች። የአያ ኪሮስን ማስታወሻ ስታነብ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር።

«መቼ ነው ያወቅከው?» አለችኝ። በዚያ ሁሉ ዓመት «አንተ» ስትለኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«በማግስቱ።»

«በስብሰባው ማግስት?»

«አዎ።»

«ማመልከቻዬን ስትፈርም ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ላፕቶፑን ዘጋችው። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት፣ «ተው» አለችኝ። «አሁን ያንን አታውራኝ። የልጅቷ እናት ቁሓ ናት። ሂድና ራስህ ንገራት። መዝገቡንም አስተካክል። እኔ ሰው እየጠበቀኝ ነው።» ተነሥታ ወደ መስኮቷ ተመለሰች። ስወጣ ማኅተም ስትመታ ይሰማኛል።

ከሁለቱ የቀለለኝን አስቀደምኩ። አምስት ሳምንት ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ መብራት ሲኖር፣ ያኔ መሥራት የነበረብኝን ሠራሁ። የእያንዳንዱን ሠራተኛ አጭር ስም ከሙሉ ስሙ አዛመድኩ። ዝውውሮቹን ተከተልኩ። ዛሬ በሕይወት የሌሉ ሰዎች ሥራ በሌላ ሰው ስም ተይዞ አገኘሁ፤ የለታይ ብቻ አልነበረም። አንዳንዱ ፋይል ለመዝገቡ ሳይነገር በእጅ የተገለበጠ ስለነበር የድሮውንና የአዲሱን ጽሑፍ ጎን ለጎን እያነበብኩ ነው ያገናኘሁት። አሥር ሳይሆን ስድሳ ፋይል በዕጣ አውጥቼ እስከ መጀመሪያው ቀን ተከተልኩ። አዲሷ ኃላፊ ሠራተኛው አሁን የሚሠራበትን መዝገብ እንዳይነካ፣ አሮጌው ከኋላው እንዲቀጠል ወሰነች። ጥፋቴን አምኜ የጻፍኩትን ደብዳቤም ለሠራተኛው ሁሉ አነበበችው። የለታይ ማስጠንቀቂያ ከማኅደሯ እንዲነሣ ተደረገ። ወደ ድሮ ሥራዋ እንድትመለስ ሲጠይቋት፣ «አስብበታለሁ» አለች። እስካሁን መስኮቱ ላይ ናት።

ከዚያ በኋላ ነው ቁሓ የሄድኩት።

የልጅቷ እናት ወይዘሮ አብረኸት የልብስ ስፌት ቤት አላቸው። ልጃቸው አሁን ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ ጤነኛ ናት። በትግርኛ ነው የተነጋገርነው። ማን እንደሆንኩና ለምን እንደመጣሁ ስናገር የስፌት መኪናቸውን አቆሙ።

«ያጠፋችው ለታይ ናት እኮ» አሉኝ።

«አይደለችም። እኔ ነኝ። በእሷ ስም የተመዘገበው በእኔ ጥፋት ነው። አውቄም ዝም አልኩ።»

መቀሱን ጨርቁ ላይ አስቀመጡ።

«በየፋሲካው ትመጣለች። በመጀመሪያው ዓመት እዚህ በሩ ላይ ተንበረከከች፤ ተሳድቤ አባረርኳት። በሁለተኛውም አባረርኳት። በሦስተኛው አስገባኋት። በጦርነቱ ጊዜ እኛ የምንበላው ሲቸግረን፣ ያቺ ልጅ ከሓወልቲ እዚህ ድረስ ዱቄት ተሸክማ በእግሯ መጣች። ልጄ አክስቴ ነው የምትላት።» ቀና ብለው አዩኝ። «እርስዎ የት ነበሩ?»

«እዚሁ መቐለ ነበርኩ» አልኳቸው።

ሌላ አልጠየቁኝም። ስልካቸውን አንሥተው ደወሉ።

«ለታይ ጓለይ፣ ልጄ፣ ያንቺ አልነበረም… አዎ፣ መጥቷል፣ እዚህ ተቀምጧል… አንቺ አይደለሽም እኮ፣ ያኔም አልነበርሽም… አይ፣ እኔ አላለቅስም፣ አንቺም አታልቅሺ። ስሚኝማ። ለፋሲካ ግን ትመጫለሽ አይደል?»

የለታይን መልስ አልሰማሁም። ወይዘሮ አብረኸት ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ጀርባቸውን ሰጡኝ። እኔ እዚያ ቤት የምቀመጥበት ምክንያት አልነበረኝም። ቀስ ብዬ ተነሥቼ ወጣሁ።